ትርፍራፊ ለመሥራት የታረደ በግ

በደባርቅና በዳባት ገጠር ከጠዋት እስከ ማታ ድንች ሲበላ የዋለን ሰው «ምን በላህ?» ቢሉት «ምንም» ይላል። አልዋሸም። ቅቅሉን ከነትኩሱ እየላጠ፣ በጨውና በድቁስ በርበሬ እያጠቀሰ ጠግቧል፤ ከድስቱ ሥር የቀረችውን ትንሿንም አልማራትም። ነገር ግን መሶብ አልቀረበም፣ እጅ አላስታጠቡትም፣ እንጀራ አልተቆረሰም። ስለዚህ አልበላም። ድንች የተበላ ጊዜ ሆድ ይሞላል እንጂ ምሳ አይቆጠርም።

እንግዳ ሲመጣም ያው ነው። የቤቱ እመቤት ጥግ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ድንች አስቀምጣ «ምን አፌ ላይ ላድርግልህ፣ ቤቱ ባዶ ነው» እያለች ትጨነቃለች። ማዳበሪያውን ተደግፎ የተቀመጠው እንግዳም «ኧረ ግድ የለም፣ ምን ቸገረሽ» ይላል። ሁለቱም ድንቹን ያዩታል፣ ሁለቱም ስሙን አያነሡም። ሰው ፊት ድንች ማቅረብ ነውር ባይሆንም የነውር ጎረቤት ነው።

ይኸው ድንች ታዲያ ከአምባራስ ተነሥቶ ጨነቅ ሲደርስ ማዕረጉ ይለወጣል።

አምባራስ ከደባርቅ ወጥቶ ሳንቃበርን አልፎ ወደ ቧሂት ተራራ በሚሄደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ መንደር ናት። ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ በግ፣ ብርድ፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ከእሷ ቀጥሎ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጨነቅ ሰፈር ይመጣል፤ የስሜን ተራሮችን ለማየት የመጣ ፈረንጅ ድንኳኑን የሚተክልበት፣ ማለዳ ጭላዳ የሚያይበት፣ ዕድል ከቀናው ዋሊያ የሚያጋጥምበት ቦታ ነው። ፈረንጁ ብቻውን አይወጣም። ደባርቅ ላይ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ሲመዘገብ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ ነጂ ይከተሉታል። ማታ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ሲገባ የአገሩ ምግብ ያምረዋል። እንግሊዝ ከሆነ የሚያምረው ብዙ ጊዜ ሼፐርድ ፓይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው ይሉታል። የበግ ሥጋ ደቅቆ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ይበስላል፤ የቲማቲም ድልህ ይጨመርበታል፤ መጥበሻ ላይ ይነጠፋል። በላዩ ላይ በቅቤና በወተት የተደፈጠጠ ድንች ይለበጥና ምድጃ ይገባል። አንድ የአምባራስ ሽማግሌ መጀመሪያ ያየው ዕለት «ጎጆ ነው እኮ! ግድግዳው ሥጋ፣ ክዳኑ ድንች» ቢል አይፈረድበትም።

የእኛ ሰው ድንችንና ሥጋን አንድ ድስት ውስጥ ማዋል አዲስ ነገር አይሆንበትም። ድንች በሥጋ የማያውቅ ቤት የለም። ልዩነቱ ቅንነቱ ላይ ነው። ባለሙያ እናት ግማሽ ኪሎ ሥጋና ሁለት ኪሎ ድንች ስትሠራ ድንቹን ልክ በሥጋው መጠን ትከትፈዋለች። ቀይ ወጡ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቀለም ያለብሳቸዋል። በላተኛው ያቺን ጠቀም ያለች ቁራጭ ከሩቅ አይቶ፣ እንጀራውን አጠንክሮ፣ ከወንድሙ እጅ ቀድሞ ያነሣታል፤ አፉ ውስጥ ስትገባ ድንች ናት። እንግሊዞች ይህን አያውቁም። ድንቹን በሙሉ ከላይ፣ ሥጋውን በሙሉ ከታች አድርገው ተንኮሉን ሁሉ ከምግቡ ያወጡታል።

እውነቱን ለመናገር እነሱም ቢሆኑ በዚህ ምግብ እንግዳ አያከብሩበትም ነበር። የእንግሊዝ ቤተሰብ እሑድ ትልቅ ሥጋ ጠብሶ ይበላል፤ ሰኞ የተረፈውን የደረቀ ሥጋ ከትፎ፣ በድንች ሸፍኖ እንደገና ያሞቀዋል። የበሬ ሥጋ የሆነው ኮቴጅ ፓይ እ.ኤ.አ. በ1791 በጽሑፍ ይገኛል፤ ሼፐርድ ፓይ የሚለው እ.ኤ.አ. በ1854 መጣ፤ በዚያው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሥጋ መፍጫ መኪና በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ሰኞ በመጣ ቁጥር ተለመደ። ባጭሩ የእነሱ ፍርፍር ነው። ፍርፍር ደግሞ የትም አገር ቢሆን የትናንትናን ነገር ዛሬ ላይ የሚያድን ምግብ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጨነቅ ላይ ትርፍራፊ የለም። ትናንት የተጠበሰ የእሑድ ሥጋ የለም፣ እሑድም ቢሆን የለም። የጨነቅ ወጥ ሠሪ ያንን ትርፍራፊ ለማግኘት መጀመሪያ በደህና ጊዜ የሚራመድ፣ የሚጮህ፣ ባለቤት ያለው በግ መግዛት አለበት። ከዚያ አርዶ፣ ገፎ፣ ለጥብስ የሚሆነውን መልካም ሥጋ እንደ ተረፈ ነገር አድርጎ መክተፍ።

ስካውቱ ይህን ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ይህች ሙክት ለማን ናት?»

«ለእንግዶቹ ናት፣ አያ። እስቲ ቀንዷን ያዙልኝ።»

«ጥብስ ነው?»

«የለም። ተከትፋ ድንች ሥር ነው የምትገባ።»

ስካውቱ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዞራል። «ምነው ልጄ፣» ይላል በመጨረሻ፣ «ድንችን ለመደበቅ ሥጋ ሲገዛ አይቼ አላውቅም።»

የመታረዱም ነገር እንደዋዛ አይታለፍም። ወጥ ሠሪው ክርስቲያን ይሆናል፤ በቅሎ ነጂው እስላም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የግጭ ሰዎች አብዛኞቹ እስላሞች ናቸው፤ መንደራቸው ለፓርኩ ሲባል ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ደባርቅ እስኪሰፍሩ ድረስ ከጨነቅ ትይዩ ያለው ሜዳ የእነሱ ነበር። አገሩ ተከባብሮ የኖረ ነው፤ ለቅሶም ሠርግም አብሮ ይውላል፤ ቢላዋ ሲነሣ ግን ይለያያል። ክርስቲያን ያረደውን እስላሙ አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያኑ አይነካም። ስለዚህ በጉ ማንም ይረደው ከእሳቱ ዙሪያ ከተቀመጡት ግማሾቹ ሽሯቸውን ይበላሉ። እንግዳው በበኩሉ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ድንኳኑ ውስጥ ካልሲውን ያደርቃል።

ከዚያ ድንቹ ይጣዳል። እዚህ ላይ ተራራው ራሱ በነገሩ ይገባበታል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም ይወርዳል። ባሕር ጠረፍ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ጨነቅ ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ድስቱ ይንጫጫል፤ ድንቹ ግን ልቡ አልበሰለም። ከተማ ውስጥ ሙያ የተማረ ወጥ ሠሪ መጀመሪያ የወጣ ሰሞን ድንቹን ይረግማል፣ ከዚያ ነጭ ጋዙን ይረግማል፣ ከዚያ ቡታጋዙን ይመታዋል። የአምባራስ ሴቶች ግን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁታል። ድስቱን በኩበት እሳት ጥደው፣ ከድነው፣ በላዩ ድንጋይ አስቀምጠው ውኃ ሊቀዱ ይሄዳሉ። ሲመለሱ በስሏል።

የመደፍጠጫም ዕቃ የለም። ወጥ ሠሪው ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ወርወር ያደርግና አንድ ባዶ የዳሽን ቢራ ጠርሙስ ያገኛል። ጎንደር የተጠመቀ፣ ስሙን ከዚያው ማዶ ካለው ተራራ የወሰደ ቢራ ነው። ጠርሙሱን አጥቦ፣ አንገቱን በጨርቅ ይዞ፣ በቂጡ ድንቹን ይወቅጠዋል። እንፋሎቱ ፊቱን ያለብሰዋል። ቅቤ ጣል፣ የዱቄት ወተት ነስነስ፣ እንደገና መውቀጥ። ጉብጉብ ያለው ሲጠፋ፣ ማንኪያው ላይ ሲጣበቅ፣ «ደረሰ» ይላል።

ጨውስ?

የዚህ ምግብ ትልቁ ፈተና ጨው ነው። የስሜን የጉብኝት ወቅት ዝናቡ ካባራ ጀምሮ እስከ በጋው አጋማሽ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። የአውሮፓውያን ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ሲውል ጾሙ ገና እኩሌታውን አልፎ እየገሠገሠ ነው። ከዚያ ሌላ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሁዳዴ ከነ55 ቀኑ አለ። ወጥ ሠሪው በግ ይከትፋል፣ ቅቤ ያቀልጣል፣ ወተት ይበጠብጣል፤ አንዲት ጠብታ ግን ምላሱ ላይ አትደርስም። መዓዛውን ይስባል፣ መሳቡን በማማተብ ያስተካክላል፣ ጨውን በዓይኑ ይለካል።

«አያ፣ እስቲ ይህን ቅመሱልኝ» ቢለው ስካውቱም ጿሚ ነው። በቅሎ ነጂው አይጾምም፤ ግን ሥጋው የእሱ አይደለም። እሳት ዳር አምስት ሰው ተቀምጦ አንድ ቀማሽ ይጠፋል። ብልህ ወጥ ሠሪ ታዲያ አንድ ዘዴ አለው፤ እንግዳውን ራሱን ከድንኳኑ ጠርቶ፣ በሁለት እጁ ማንኪያ ያቀርብለታል። እንግዳው የአገሩ የክብር ሥርዓት ይመስለዋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀምሳል። ወጥ ሠሪው የሚመለከተው ፊቱን ነው። ቅንድቡ ከተነሣ ጨው በዝቷል፤ ራሱን በትሕትና ብቻ ከነቀነቀ አንሷል።

ቀጥሎ መጋገር ነው። ፓዩ ላዩ ካልቀላ ፓይ አይባልም። ጨነቅ ላይ ግን ምድጃ የሚባል ነገር የለም፤ ፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፣ ቡታጋዝ ደግሞ ከሥር እንጂ ከላይ አያነድም። ስለዚህ የተራራው ሼፐርድ ፓይ ብዙ ጊዜ ገርጥቶ ይቀርባል። እንግሊዙ ምንም አይልም። እንግሊዞች ምንም ባለማለት የታወቁ ናቸው።

የሚገርመው የዚህ መፍትሔ አምባራስ ውስጥ ጥንትም ነበረ። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው ምን ሆኖ ነው? ከሥር እሳት፣ ምጣዱ ላይ ሊጡ፣ አክንባሎው ላይ ደግሞ የኩበት ፍም። ከላይም ከታችም ይነድበታል። የገጠር ሴት ፓዩን ተቀብላ፣ በብረት ክዳን ሸፍና፣ ሁለት እፍኝ ፍም ከላይ ብትደፋበት ለንደን ውስጥ የማያሳፍር ቅላት ይይዛል። ሙያው አለ፣ ድንቹ አለ፣ በጉ አለ፣ ቅቤው አለ። የጎደለው ጠያቂ ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ድንቹ ራሱ ግን የአገሩ አይደለም፤ መንገደኛ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ ፔሩና ቦሊቪያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን የገባው ቅጠል ሊለቅም ነበር። ለቀመም። ኋላ ግን የስሜንና የትግራይ ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጋር ወዳጅ ሆነና እንጢጮን በግዛት ተሰጠው፤ የአገሩን ሴት አግብቶ እዚሁ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ። ውቤ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡበት ጃናሞራ ውስጥ ያሳነጹት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሠራም እጁን አስገብቷል። ቤተ ክርስቲያኑ አለቀ፣ ዘውዱ ተዘጋጀ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ መጥተው ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ድግሱን የደገሰ ሌላ፣ የበላው ሌላ። ስሜን ውስጥ ይህ ዓይነቱ ነገር በፓይ አልተጀመረም።

ፈረንሳዮች ድንችን ያስለመዳቸውን ሰው አልረሱትም። አንቷን ኦጉስተን ፓርማንትዬ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ በጦርነት ጊዜ ፕሩሲያ ውስጥ ተማርኮ እስር ቤት ድንች ሲያበሉት «ይህ እኮ ይበላል!» ብሎ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ድንች የአሳማ ቀለብ ነበር። እንደሚተረከው ፓሪስ አጠገብ ድንች ዘርቶ እርሻውን ቀን ቀን በወታደር አስጠበቀው፤ ማታ ማታ ጥበቃውን አነሣ። ሰውም «በወታደር የሚጠበቅ ነገርማ ወርቅ ነው» ብሎ በሌሊት እየሰረቀ ወስዶ ተከለው። ዛሬ ፈረንሳዮች የሼፐርድ ፓይን መንትያ፣ ያንኑ ሥጋ በድንች የተሸፈነውን፣ በፓርማንትዬ ስም ይጠሩታል።

ሺምፐርስ? በእሱ ስም የሚጠራ ወጥ የለም። በስሙ የሚጠሩ ዕፀዋት ግን ብዙ ናቸው፤ አንደኛው አኮካንቴራ ሺምፔሪ ነው። ዛፉ አገራችን ውስጥ ይበቅላል፤ ከጥንት ጀምሮ ቀስት የሚመረዝበት ነው። ድንች አምጥቶ ላበላ ሰው መታሰቢያው መርዝ ሆነ።

ገበሬውም ቢሆን ድንቹን ወዲያው አልተቀበለውም። ሥሩን ቆፍሮ የሚበላ ነገር ለገብስ ባላገር አይዋጥለትም ነበር። ያስዋጠው ክፉ ቀን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ እርሻው ጦም አድሮ፣ ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን ድንች በየቦታው ተስፋፋ። ሲርብ የገባ ምግብ ደግሞ ጥጋብ ሲመጣም ማዕረጉ አይነሣለትም፤ «ምንም አልበላሁም» የሚያሰኘውም ይህ ይሆናል። ዛሬም ደጋው ላይ ገብሱ ገና ሳይደርስ፣ ጎተራው ተጠርጎ፣ ነሐሴና መስከረም ሲጨልም ቤተሰቡን የሚያሻግረው ድንች ነው። ከመሬት አይወጣም፤ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ይቆፈራል። ጃርት ካልቀደመ።

ሳይንሱም አልተኛም። ሆለታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉደኔን፣ በ2009 በለጠን አውጥቶ ለገበሬው ሰጥቷል፤ ሦስቱም የወጡት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀውን በሽታ እንዲችሉ ተብሎ ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የጨረሰው ያው ነው። በለጠ ትልልቅ ድንች ይጥላል፤ ነጋዴ ይወደዋል።

የውጭ ምግብ ደባርቅ ላይ አይለመድም የሚል ሰው ካለ የምግብ ቤቶቹን ሰሌዳ ይይ። ጣሊያን የሊማሊሞን መንገድ ጠርቦ፣ ወልቀፊት ላይ መሽጎ፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ስንቁ ተሟጦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። እሱ ሄደ፤ «ፓስታ በሥጎ» ግን ሰሌዳው ላይ ቀረ። ደባርቅ ላይ ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ የሚበላ ሰው ማየት ማንንም አያስደንቅም። ያሸነፈው እንግሊዝ አንድ ምግብ እንኳ አላስቀረም።

ሼፐርድ ፓይ እንዲለመድ ከተፈለገ መንገዱ በሥጋው በኩል አይደለም። ሥጋው ባለበት ወጥ ሠሪው አይቀምሰውም፣ ስካውቱ አይቀምሰውም፣ በቅሎ ነጂው አይቀምሰውም፤ በግ ታርዶ፣ ነጭ ጋዝ አልቆ፣ አንድ ሰው ብቻ ይበላል፤ እሱም ግማሹን ይተወዋል፤ ከፍታው ምግብ ይዘጋልና። የምስሩ ግን ሌላ ነው። ምስር በሽንኩርትና በዘይት ወፈር አድርጎ ማብሰል፣ በርበሬ ለአመል ጣል ማድረግ፣ ድንቹን በቅቤ ፋንታ በኑግ ዘይትና በተቀቀለበት ውኃ መደፍጠጥ። ጿሚ ይበላዋል፣ እስላም ይበላዋል፣ ሥጋ የማይበላ ፈረንጅም ይበላዋል፤ እንዲህ ያለው ፈረንጅ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ከሁሉ በላይ ወጥ ሠሪው ጨዉን በራሱ ምላስ ይቀምሰዋል።

እንጀራ ካልቀረበ አልበላሁም የሚለውን ስካውት ምንም አይመልሰውም፤ ለእሱ ከጎኑ አንድ እንጀራ ማስቀመጥ ነው። ወደ ስሜን የሚወጣ አንባቢ ግን ይህን የምስር ነገር ለወጥ ሠሪው ደባርቅ ላይ፣ ጓዙ በቅሎ ላይ ሳይጫን ይንገረው። ድንቹ አምባራስም ይገኛል፤ የተከካ ምስርና የኑግ ዘይት ግን ከደባርቅ ገበያ ካልተያዘ ጨነቅ ላይ የሚሸጥ ሱቅ የለም።